ሁለት እጅ የማያውቅ ገጽ

አባቴን ሕመሙ የጣላቸው ገብስ በሚወቃበት ሰሞን፣ ጋፋት አጠገብ ካለው ማሳችን አውድማ ላይ ነው። መንሹን እንደያዙ ወደ ቀኝ ጎናቸው ወደቁ። ጎረቤት በቃሬዛ ተሸክሞ ደብረ ታቦር አደረሳቸው። ነፍሳቸው ተረፈች፤ ቀኝ እጃቸውና አንደበታቸው ግን እዚያው አውድማው ላይ ቀሩ። ሐኪሙ ጭንቅላታቸው ውስጥ ያለ የደም ሥር እንደተዘጋ አስረዳኝና ሊደገም እንደሚችልም ጨመረ። ይህችን የመጨረሻዋን ነገር ለእናቴ አልነገርኳትም። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ ጠዋት ዓይኔን ሳልገልጥ የማዳምጠው የአባቴን ትንፋሽ ሆነ።

ከተማው ዳር ወደተከራየሁት ቤት አመጣኋቸው። ቤቱ ሁለት ክፍል ነው። በአንደኛው አባቴ ከበሩ ትይዩ ተኙ፣ እናቴም እግራቸው ሥር መደቡ ላይ አነጠፈች። በሁለተኛው እኔ እተኛለሁ፣ እሠራለሁ፣ ሳህኔን ላፕቶፑ አጠገብ አድርጌ እበላለሁ። ሥራዬ ድረ-ገጽ መሥራት ነው። እናቴ ለጠየቃት ሁሉ "መስታወት ላይ ትጽፋለች" እያለች ታስረዳልኝ ነበር፤ እኔም አላረምኳትም።

አባቴ በደህናው ዘመናቸው በአፋቸው የሚኖሩ ሰው ነበሩ። የተጣላ ባልና ሚስት፣ ድንበር የተገፋፋ ጎረቤት፣ ከእሳቸው ዘንድ ነው የሚመጣው። ነገር ይዘው ሲነሡ አድማጩ የቱ ጋ እንደተረታ ሳያውቀው ታርቆ ይሄዳል። ለሥርዓት ያላቸው ቅናት ደግሞ ለእኛ ለቤተሰቡ መከራ ነበር። ልጅ ሆኜ ውሃ በአንድ እጄ ካቀረብኩላቸው አይቆጡም፤ ጣሳውን እንዳላዩ ሆነው ወደ ጉና ተራራ ይመለከታሉ። ሁለተኛውን እጄን እስክጨምር ድረስ ተራራው ላይ የሚያዩት ነገር አያልቅም። በግራ እጅ ለሰው መስጠትማ በቤታችን ከስድብ እኩል ነው። ከእንግዳ ጋር ሲሆኑ ደግሞ "ብሉ" ማለት አይታክታቸውም፤ እንግዳው ጠግቦ እስኪማረር ድረስ።

እኒያ ሰው አሁን የሚወጣቸው "እእ" የሚል ድምፅ ብቻ ሆነ። እስክርቢቶ በግራ እጃቸው አስያዝናቸው። ዳዊት ሲደግሙ የኖሩ ሰው ናቸውና ፊደሉ ከምላሳቸው ጋር የሚሄድ አልመሰለንም ነበር፤ ሄዷል። ወረቀቱ ላይ ጭረት አወጡና ራሳቸው አይተው አፈሩ። አዎ ለማለት ራሳቸውን ይወዘውዛሉ፣ አይሆንም ለማለትም ያንኑ ይወዘውዛሉ። ሁለቱ ተደባልቀውባቸው ነበር። እናቴ አዲስ ዘመን ከተማ ድረስ ወርዳ ጣራ ገዳም ወጣች፤ ጸበል በጀሪካን ይዛ ተመለሰች።

የሚሉት ነገር ግን ነበራቸው። ይህ እንደ ቀን ብርሃን ግልጽ ነው። በተለይ ምሳ ቀርቦ ማዕዱ ሲነሣ ይብስባቸዋል። "እእ" ይላሉ፣ በሩን ያያሉ፣ እናቴን ያያሉ፣ በደህናው እጃቸው አልጋውን ይመታሉ። እናቴ ውሃ ትሰጣቸዋለች፤ አይደለም። ትራሱን ታስተካክላለች፤ አይደለም። ጋቢ ትደርባለች፣ ትገፍፋለች፣ መስኮት ትከፍታለች፣ ትዘጋለች። በመጨረሻ እንባቸው ይወርዳል። አባቴን ሲያለቅሱ አይቼ አላውቅም ነበር። ከክፍሌ ሆኜ ስሰማው ላፕቶፑን ግድግዳ ላይ መፈጥፈጥ ያምረኛል።

ሊጠይቅ የመጣው ዘመድ ሁሉ አንድ ቃል ነው የተናገረው። "ኑዛዜ ነው እንጂ ሌላ ምን ይሆናል?" አጎቴማ፣ የአባቴ ታናሽ ወንድም፣ በር ላይ ለብቻዬ ጠርተው "ልጄ፣ ያን የጋፋቱን መሬት ለማን እንዳሰቡት ቢገልጡት ነፍሳቸው ታርፍ ነበር" አሉኝ። የማንኛችን ነፍስ እንደምታርፍ ልጠይቃቸው አስቤ ተውኩት። የነፍስ አባታቸው መጥተው መስቀል አሳለሟቸው፣ ጸሎት አደረሱላቸው፤ አባቴ ዓይናቸውን ጨፍነው በጸጥታ ተቀበሉ። በማግሥቱ ምሳ ሲነሣ ያው አልጋ መምታት ቀጠለ። ሊደገም ይችላል የሚለው የሐኪሙ ቃል በየቀኑ ጆሮዬ ላይ ይጮኽ ነበር። ከተደገመ፣ ያ ነገር ምንም ይሁን ምን፣ ደረታቸው ውስጥ እንደታፈነ አብሯቸው መቃብር ይወርዳል።

የጨነቀው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ፣ እኔም ወደማውቀው ዞርኩ። በአሮጌ ታብሌት ላይ የሚከፈት ገጽ ሠራሁ። ከላይ የሰዎች ፎቶ፦ እናቴ፣ እኔ፣ የነፍስ አባታቸው፣ አጎቴ። ከሥር ሥዕሎች፦ ምግብ፣ ውሃ፣ ጋቢ፣ ፀሐይ፣ ሕመም፣ ቤተ ክርስቲያን። ሥዕሉ ሲነካ ገጹ በእኔ ድምፅ ቃሉን ይናገራል። አባቴ ግን እጃቸውን ያሳርፉበትና ጣታቸው ስለሚንቀጠቀጥ ታብሌቱ ባንድ ጊዜ "ውሃ፣ ሕመም፣ ውሃ፣ ቤተ ክርስቲያን" እያለ ይለፈልፋል። እናቴ አማተበች። እኔም መነካት ብቻ እንደማይበቃ ገባኝ። ሰው የፈለገውን ይዞ፣ ስቦ፣ አንድ ቦታ የሚያኖርበት መሆን አለበት። ስለዚህ መሐል ላይ ሁለት ሳጥን ጨመርኩ፤ አንዱ "እፈልጋለሁ"፣ ሌላው "አልፈልግም"። ውሃውን ጎትተው "እፈልጋለሁ" ውስጥ ካኖሩት ገጹ ይናገርላቸዋል፤ የእኔን ወይም የእናቴን ፎቶ ካኖሩትም ይጠራናል።

በሙያችን ኢቨንት የምንለው ነገር አለ። ሰው ገጹ ላይ አንድ ነገር ሲያደርግ ብራውዘሩ፣ ገጹን የሚከፍተው ፕሮግራም፣ እኔ ለጻፍኩት ኮድ የሚያደርሰው ወሬ ነው፤ ሥዕሉ ተነሣ፣ እየተጎተተ ነው፣ ሳጥኑ ላይ ደርሷል፣ ተለቀቀ ይላል። የእኔ ድርሻ እያንዳንዱን ወሬ ሰምቶ መልስ መስጠት ነው። ታዲያ ብራውዘር አንድ ክፉ ጠባይ አለው፤ ገጹ ላይ ያለ ነገር ሁሉ ሲፈጠር እምቢተኛ ነው። ሳጥኑን "ተቀበል" ብዬ ካላዘዝኩት በቀር የመጣለትን መልሶ ይወረውራል። አንዴ መንገርም አይበቃም፤ ሥዕሉ እላዩ ላይ እስካንዣበበ ድረስ ደጋግሜ መለመን አለብኝ። ሠርግ ቤት ገብቶ "በልቼ ነው የመጣሁ" እያለ በስንት ልመና ማዕድ የሚቀርብ እንግዳ ይመስለኛል።

ይህን ሁሉ ላፕቶፑ ላይ አሳምሬ ሠርቼ ታብሌቱ ላይ ስከፍተው ገጹ ድዳ ሆነ። ለካ እነዚያ የመጎተት ኢቨንቶች የታሰቡት ለማውዝ ነው፤ ታብሌቱ ላይ ጣቴ ሲሄድ አንድም ወሬ አይመጣም። የሠራሁትን አፍርሼ በጣት ንክኪ ኢቨንቶች እንደገና ጻፍኩት። አሁን ለእኔ ሠራ። እናቴን አስሞከርኳት፤ ውሃውን ጎትታ "እፈልጋለሁ" ላይ ስታኖረው ገጹ በእኔ ድምፅ "ውሃ እፈልጋለሁ" አለ። "አንቺ ነሽ የጠማሽ ወይስ እኔ?" ብላ ሳቀች። ከስንት ጊዜ በኋላ መሳቋ ነበር።

አባቴን ፀሐይ በሚመታው ደጅ ላይ አስቀመጥናቸው፤ ጉልበታቸው ላይ ሰፌድ፣ ሰፌዱ ላይ ታብሌቱን አደረግን። አሳየኋቸው። ገባቸው፤ ዓይናቸው ሲበራ አየሁ። የምግቡን ሥዕል ነኩት፣ ተነሣ፣ ጥቂት ተንቀሳቀሰና ተመልሶ ቦታው ዘለለ። ደገሙት፤ ዘለለ። ደግመው ሞከሩ። የበራው ዓይን ቀስ እያለ ሲከስም ማየት እንዴት እንደሚከብድ የማውቀው ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው።

ከዚያ ወዲያ ያለው ጊዜ በሕይወቴ ከማልመኛቸው ጊዜያት አንዱ ነው። ታብሌቱን በገመድ ከላፕቶፑ አገናኝቼ ከጀርባቸው ተቀመጥኩ። እሳቸው ሲጎትቱ የሚመጣውን ወሬ አያለሁ። ተነሣ፣ ተንቀሳቀሰ፣ ተሰረዘ። ሁልጊዜ ተሰረዘ። ማን ሰረዘው? ለምን? መንቀጥቀጡ ነው ብዬ ኮዱን ታጋሽ አደረግኩት፤ ተሰረዘ። ሥዕሉን አሳደግኩት፤ ተሰረዘ። ታብሌቱ አርጅቷል ብዬ የባልደረባዬን ተዋስኩ፤ ያው ነው። እኔ ስሞክረው ይሠራል፣ እናቴ ስትሞክረው ይሠራል፣ አባቴ ሲሞክሩት ግን ይሰረዛል። ቤተ ክርስቲያን ሄጄ አምላክን የጠየቅኩት፣ ሌላው ሰው ጤና ሲለምን፣ ያቺ አንዲት ቃል ከየት እንደምትመጣ እንዲነግረኝ ነበር። ሥራዬን በትኜ ተውኩት፤ ደንበኞቼ ሲደውሉ አላነሣም።

አንድ ቀን ቻልኩት ስል አመለጠኝና "ምን ዓይነት ደንቆሮ ነህ አንተ!" ብዬ ታብሌቱ ላይ ጮኽኩ። አባቴ ግራ እጃቸውን ከሰፌዱ ላይ አንሥተው ጋቢያቸው ውስጥ ከተቱት።

"አንቱን አይደለም አባቴ፣ ዕቃውን ነው፤ በሞቴ፣ ዕቃውን ነው" አልኩ። እጃቸውን ግን ያን ዕለት መልሰው አላወጡም።

በዚያው ሰሞን ከንፈራቸው በአንድ ወገን ይበልጥ ወረደ፤ እንቅልፋቸውም በዛ። እናቴም ከስታ ነበር። ሁለት ዙር የሚዞራት መቀነት ሦስት ዙር ሲዞራት አይቻለሁ። ጾም ነው፣ ሐዘን ነው አልኩ። በላሽ ወይ ስላት "ካባትሽ ጋር በልቻለሁ" ትለኛለች፤ እኔም ወደ ኮዴ እመለሳለሁ።

ያዳነን የመብራት መጥፋት ነው። ረፋድ ላይ አባቴ እንደገና እንዲሞክሩ ለምኜ፣ ከጀርባቸው እንደተቀመጥኩ መብራት ሄደና ላፕቶፑ ጠፋ፤ ባትሪው ከሞተ ቆይቷል። ታብሌቱ ግን ይሠራል። የማየው ወሬ ስላልነበረኝ፣ ሌላ ሥራ አጥቼ፣ ዞሬ ፊት ለፊታቸው ተቀመጥኩና እሳቸውን አየሁ።

በግራ እጃቸው ጣት የምግቡን ሥዕል ነኩ። ሥዕሉ ተነሣ። ጥቂት ሳቡትና ቆሙ። ከዚያ የግራ እጃቸውን ጣት ከመስታወቱ ሳያነሡ፣ በጉልበታቸውና በክንዳቸው እየገፉ፣ ያን የሞተ ቀኝ እጃቸውን ወደ ላይ አመጡት። ላባቸው ግንባራቸው ላይ ወጣ። በድኑን እጅ ከግራው አጠገብ መስታወቱ ላይ አሳረፉት፤ አንገታቸውንም ዝቅ አደረጉ። ሥዕሉ ዘለለ።

በሁለት እጃቸው እየሰጡ ነበር።

ተነሥቼ ከቤቱ ጥግ ዞርኩና አለቀስኩ። እንዲህ የሚያለቅስ ሰው ምን ሆነ ቢባል ምን ይመልሳል? ሁለት ጣት መስታወቱ ላይ ሲያርፍ ብራውዘር ሰውየው ሥዕሉን ሊያጎላ ፈለገ ብሎ ይደመድማል፤ የተጀመረውን መጎተት ሰርዞ ገጹን ራሱ ይረከባል። ይህን ማንም ድረ-ገጽ ሠሪ ያውቃል። እኔም አውቃለሁ። ነገር ግን አንድ ሥዕል ለመጎተት ሁለት እጅ የሚያነሣ ሰው በዓለም ላይ ይኖራል ብሎ ያሰበ የለም። ገጹን የሠራሁት እኔ የእኒያ ሰው ልጅ ሆኜ ሳለሁ፣ እኔም አላሰብኩም።

መብራት ሲመለስ ማስተካከያው ጥቂት መስመር ብቻ ሆነ። ብራውዘሩ ማጉላቱን እንዲተው፣ ኮዱም መጀመሪያ የነካውን ጣት ይዞ ኋላ የሚመጣውን እጅ እንዲያከብረው አደረግኩ። አባቴን ወደ አልጋቸው መልሰን ታብሌቱን ከነሰፌዱ ጉልበታቸው ላይ አኖርኩ። የምሳ ሰዓት ነበር፤ እናቴ አባቴን አጉርሳ ማዕዱን እያነሣች ነው።

አባቴ ምግቡን በሁለት እጃቸው ያዙ። ሥዕሉ ተነሣ፣ ሄደ፣ አልተሰረዘም። "እፈልጋለሁ" የሚለውን ሳጥን አየሁ። አለፉት። "አልፈልግም" የሚለውንም አለፉት። ወደ ላይ ወስደው የእናቴ ፎቶ ላይ ለቀቁት። የእናቴ ፎቶ አልተቀበለም፤ ሥዕሉ ተመልሶ ቦታው ሄደ። ደገሙት። ተመለሰ።

መቀበያ አድርጌ ያዘዝኳቸው ሁለቱን ሳጥኖች ብቻ ነው። አልጋ የያዘ ሰው የሚለው ነገር ቢኖር ይፈልጋል ወይም አይፈልግም ብዬ ነበር። የሚሰጠው ይኖረዋል ብዬ አላሰብኩም።

"ምግቡን እማዬ ታምጣልዎ ነው?" አልኳቸው። ሰፌዱን መቱት። ዞር ስል እናቴ ያልተነካ ሳህን ይዛ ወደ አጥር እየሄደች ነው፤ ከውጭ የቆሎ ተማሪዎች "በእንተ ስማ ለማርያም" ይላሉ። አባቴ ከአልጋቸው በበሩ በኩል በየምሳው የሚያዩት ይህንን ነበር።

"እማዬ፣ ያ የማን ምሳ ነው?"

"የተረፈ ነው ልጄ።"

"አንቺ በልተሻል?"

"ከአባትሽ ጋር በልቻለሁ አላልኩሽም?"

አባቴ "እእ" አሉ፤ ከመቼውም ይልቅ ጮኽ ብለው። እናቴ ሳህኑን እንደያዘች ቆመች። ከዚያ ተመልሳ ገብታ መደቡ ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

"ስለት ነው" አለች። "ጣራ ገዳም ስወጣ፣ አንደበታቸው እስኪፈታ እንጀራ ላልቀምስ ተስያለሁ። ማታ ማታ እፍኝ ቆሎ አለኝ፤ ይበቃኛል። አሁን አስለፈለፍሽኝ።"

መቀነቷን አየሁ። የእጇን አጥንት አየሁ። አባቴ ያን ያህል ጊዜ አልጋ የመቱት፣ ያለቀሱት፣ በድን እጃቸውን ሽቅብ የገፉት ለመሬት አልነበረም፤ ለኑዛዜም አልነበረም። ሚስታቸው ዓይናቸው እያየ በረሃብ ስታልቅ፣ ብዪ የሚሉበት አንደበት አጥተው ነው።

የእናቴ ፎቶ እንዲቀበል ለማዘዝ አንድ መስመር በቃኝ። ድምፅ ግን አልነበረውም። ታብሌቱን ወደ አፌ አስጠግቼ አንዲት ቃል ቀዳሁ። አባቴ ምግቡን ያዙ፣ ቀኝ እጃቸውን አመጡ፣ አንገታቸውን ዝቅ አድርገው እናቴ ፎቶ ላይ አኖሩት።

"ብዪ" አለ ታብሌቱ።

"ይህማ ያንቺ ድምፅ ነው" አለች እናቴ።

"ቃሉ የሳቸው ነው።"

ወደ አባቴ ዞራ "አንቱ ነዎት?" አለቻቸው። ሥዕሉ ወደ ቦታው ተመልሶ ነበር። እንደገና ያዙት። ብዪ። እንደገና። ብዪ። እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገችና "ተናገሩ እኮ" አለች። "ስለቴ ሰመረ።" እጇን ታጠበች። መጀመሪያ የቆረሰችውን እሳቸውን አጎረሰች፤ ሁለተኛውን ራሷ በላች። አባቴ እያንዳንዱን ጉርሻ በዓይናቸው ተከተሉ። ያን ቀን አልጋው አልተመታም።

የሌሎቻችንንም ፎቶ እንዲቀበል አዘዝኩ፤ አባቴም ከዚያ በኋላ የቀረላቸውን ጊዜ በመጋበዝ ፈጁት። እኔ ከክፍሌ ብቅ ስል ምግብ ፎቶዬ ላይ ይወርዳል። የነፍስ አባታቸው ሲመጡ ውሃ ይቀርብላቸዋል። ኑዛዜ ሊሰሙ የመጡት አጎቴም ፎቷቸው ላይ ምግብ ተደርድሮላቸው፣ እውነተኛውን ሳህን ጨርሰው፣ የመሬቱን ነገር ሳያነሡ ሄዱ።

ክረምቱ ሳይገባ ሐኪሙ የፈራው ተደገመ። አልነቁም።

ከቀብር በኋላ ጎረቤት እዝን አመጣ፤ ማዕዱ ቀርቦ ይነሣል፣ ቀርቦ ይነሣል። እናቴ ነጠላዋን ተከናንባ መደቧ ላይ ተቀመጠች፤ እህል አልቀምስ አለች። ሴቶቹ ለመኗት። እኔ ለመንኳት፣ ተቆጣሁ፣ አለቀስኩ። አልሰማችም። ሌላ ስለት እንዳልሆነ ጠየቅኳት፤ ለምን ብዬ እሳላለሁ፣ ለማን አለችኝ። ሁለተኛዋንም ልቀብር ነው ብዬ ፈራሁ።

ሰው ሲበተን ታብሌቱን ከነሰፌዱ አምጥቼ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ምግቡን በግራ ጣቴ ነካሁ። ቀኝ እጄን አምጥቼ አጠገቡ አሳረፍኩ፣ ቀስ ብዬም ጎትቼ ፎቶዋ ላይ አኖርኩት።

"ብዪ" አለ ታብሌቱ።

 እናቴ ነጠላዋን ከፊቷ ሳታነሣ "አባትሽ እኮ አንድ ጊዜ ብለው አይተዉም ነበር" አለች።

ሥዕሉ ወደ ቦታው ተመልሷል። በሁለት እጄ ደግሜ ያዝኩት።